የጋሽ ጎመን ድርሻ

ጋሽ ጎመን የሚለው ስም የወጣለት በስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰው በዚህ ዕድሜው አያት ይባላል፣ ጡረተኛ ይባላል፣ ሲከፋም ሽማግሌ ይባላል። እሱ ግን ጎመን ተባለ፤ ያውም ሥጋ ቤት ውስጥ፣ ቢላዋ በእጁ ይዞ። ነገሩ ያስቃል። ያስለቅሳልም፤ እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

ሥጋ ቤቱ የታናሽ ወንድሙ ነው። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት፣ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሰነቀረ አንድ በር ያለው ጠባብ ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ነጭ ሸክላ ተለጥፎበታል፤ ከኋላ ደግሞ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ ያላት አንዲት ትንሽ ጓዳ አለች። ሥራውን ለሦስት ተከፋፍለውታል። ታናሽየው ያወራል፣ ታላቅየው ይቆርጣል፣ የታናሽየው ሚስት ሂሳብ ትቀበላለች። ታናሽየው ሆዱ ከሽርጡ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቁ ከማዞሪያው ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ታላቅየው ቀጭን ነው፤ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚያወጣ ይመስለዋል።

ታላቅየው ሠላሳ ዓመት የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ጣውላ ሲልግ ነው የኖረው። ድርጅቱ ሲዘጋ ወንድሙ መጥቶ «ጋሼ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ እጅህን ብቻ ይዘህ ና» አለው። እጁን ይዞ መጣ። ዛሬም ሥጋ ፊት ሲቆም የሚያየው እንደ ጣውላ ነው። በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል፣ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቢላዋውን የሚያሳርፈው። «ሥጋም እንደ እንጨት መስመር አለው፤ ከመስመሩ ጋር ከተጣላህ ጥርስህ ላይ ይወጣብሃል» ይላል። እሱ የቆረጠው ሥጋ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ጫፉ የተለካ ይመስላል።

ይህ ሁሉ እጅ ያለው ሰው ሥጋ አይበላም። ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ አንዲት ቁራጭ በጉሮሮው አልወረደችም። ቤተሰቡ ይህንን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ለጠየቀው ሁሉ መልስ አያጣም ነበርና። ለሟች ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ጥርሴ ነው» ይላት ነበር፤ ለውዝ በጥርሱ ሲሰብር እያየችው። ለወንድሙ ሚስት «ጨጓራዬ ነው» አላት። ለወንድሙ ደግሞ «ድርሻህን እንዳልሻማህ ብዬ ነው» ይለዋል። ታናሽየው በዚህኛው ሁልጊዜ ይስቃል። ከሦስቱ ለእውነቱ የሚቀርበው ግን ይኸኛው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከደንበኞቹ ሁሉ የምትከበረው ጡረተኛዋ መምህርት ናት። የሰፈሩን ግማሽ ሂሳብ ያስተማረች፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ የስድሳ ዓመት ሰው «አንተ ልጅ» ብላ የምትጠራ ሴት። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትመጣ ቃሏ አንድ ነው፤ «ለራስህ የምትወስደውን ስጠኝ» ትላለች። እሱም ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል ሳይናገር ጥሩውን ፈልጎ ይቆርጥላታል። የዚያን ቀን ግን ጥያቄዋን ቀየረችው።

«ለራስህ ቢሆን ሽንጡን ነው ወይስ ታፋውን?»

እሱ ቢላዋ እየሳለ ነበር፤ ሐሳቡ በሙሉ ሞረዱ ላይ ነው። «እኔማ ሥጋ አልበላም፣ እትዬ» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቃሉ ወጥቶ ሚዛኑን አልፎ እሷ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው የሰማው።

መምህርቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «አልበላም ማለት ዛሬ ነው?»

«አይ። ቆየሁ።»

«ስንት ዓመት?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን የሂሳብ አስተማሪ ፊት ቁጥር መዋሸት የማይደፍሩት ነገር ነው። «ሃምሳ አንድ» አለ።

«እንግዲያው ሰባት ዓመት ሙሉ ለራስህ የምትወስደውን ስልህ፣ ምን ስትሰጠኝ ነው የኖርከው?»

ወደ ሞረዱ አቀረቀረ። እሷም ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

ወሬ እግር የለውም፤ ግን አውቶቡስ አያመልጠውም። እስከ ቀትር ጫማ ሰፊው ሰማ። ማምሻውን ፎቶ ቤቱ ሰማ። በማግስቱ «ራሱ የማይበላውን ነው ለእኛ የሚቆርጠው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ያየውን ቢያይ ነው እንጂ!» የሚል ተጨመረበት፤ ምን እንዳየ የሚያውቅ ባይኖርም፣ ሁሉም ማየቱን ያውቅ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የአውቶቡሱ ረዳት ከበር ላይ ተንጠልጥሎ «ጋሽ ጎመን ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የማዞሪያው ስም ይኸው ሆኖ ቀረ።

ሥጋው በሜንጦ ላይ እንደተሰቀለ መዋል ጀመረ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ጠርዙ ጠቆረ፤ ያንን ፈጩት፤ የተፈጨውንም የሚያየው ጠፋ። ታናሽየው ማክሰኞ ስቆ ነበር፣ ረቡዕ ተሳደበ፣ ሐሙስ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ከመታመሙ በላይ ያስፈራል።

ዓርብ ጠዋት መላ ያመጣችው ሚስቲቱ ናት። «ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሰው ይበዛል» አለች። «ምድጃውን በር ላይ እናውጣው። ሰው ሁሉ እያየ ጋሼ አንዲት ቁራጭ ይቅመሱ። ወሬው በመጣበት እግሩ ይመለሳል።»

«አንዲት ቁራጭ ጋሼ!» አለ ታናሽየው። «እንደ ክኒን ዋጥ አድርጋት! ምን ትሆናለህ?»

«እስቲ እስከ ነገ ላስብበት።»

«ምኑ ነው የሚታሰበው?» ታናሽየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚያ ወፍራም ድምፅ ውስጥ ልመና ሲሰማ ለታላቅየው የመጀመሪያው ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ቤት ከተዘጋ እኔ የምገባበት የለኝም። አንተ እንጨት ታውቃለህ። እኔ ከሥጋ ሌላ ምንም አላውቅም። ሌላም ወድጄ አላውቅም።»

ታላቅየው ይህንን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከየት እንደመጣም ያውቀዋል። ያን ዕለት ወደ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ የመንገዱን ግማሽ ያሰበው ስለዚሁ ነው።

ታናሽየው ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ታሪክ አለችው። አዲስ ደንበኛ ከመጣ ሳይሰማት አይወጣም። «የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። «ትኩሳት ሊገድለኝ ደርሷል። እናቴ ያላትን አሟጣ ጡጫ የምታህል ሥጋ ገዝታ ቀቀለችልኝ። ይሄ፣ ይሄ ዝምተኛው ወንድሜ፣ በማንኪያ አጎረሰኝ። ዓይንህን ጨፍን፣ ሥጋ ነው አለኝ። ጨፈንኩ። ወገኖቼ፣ እንዲያ ያለ ሥጋ፣ ጥርስ ሳይነካው የሚቀልጥ፣ እስከ ዛሬ አልቀመስኩም! ሥጋ ቤት የከፈትኩት ያንን ሥጋ ፍለጋ ነው።» ደንበኛው ይስቃል፣ ታላቅየው አንገቱን ደፍቶ ይቆርጣል። ሰው ሁሉ ትሕትና ይመስለዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። እናታቸው የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። የዚያን ቀን ጠዋት ድስቱን ከድና «ሲነቃ አጉርሰው። መድኃኒቱ ነው፤ አንተ እንዳትነካው» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እሱ ከትናንት ጀምሮ ከሻይ በቀር በአፉ የገባ ነገር የለም። መጀመሪያ ክዳኑን ያነሳው መብሰሉን ለማየት ነው። ቀጥሎ ቅንጣቢ ያህል የቆረሰው ጨው እንዳለው ለማወቅ ነው። ሦስተኛውን ለምን እንደቆረሰ እስከ ዛሬ ምክንያት አላገኘለትም። ወደ ልቡ ሲመለስ ድስቱ ውስጥ የቀረው መረቅ ብቻ ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ወንድሙ ነቅቶ «ራበኝ» ይላል።

መደርደሪያ ላይ የደረቀ ዳቦ ነበር። በመረቁ ነከረው፣ በጣቱ ጨመቀው፣ የሥጋ ቁራጭ እስኪመስል አድቦለቦለው። «ዓይንህን ጨፍን፣ ሥጋ ነው» አለው። ልጁ ዋጠ። በትኩሳት በተሰነጣጠቀ ከንፈሩ ፈገግ ብሎ «ይጣፍጣል» አለ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። እናታቸው ለጎረቤት ሁሉ «ሥጋው ነው ያተረፈልኝ» አለች፤ ታላቅየውን ግንባሩን ስማ «አንተ ነህ ያዳንከው» አለችው። በዱላ ብትመታው ይሻለው ነበር።

ሥጋ እንደገና ወደ ቤታቸው ሲገባ ጉሮሮው ተዘጋ። ድርሻውን ወደ ወንድሙ ገፋለት። በሚቀጥለውም ገፋለት። እያለ እያለ ኖረበት። በአፉ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ አለመብላቱ ነበር ይቅርታው። ሃምሳ አንድ ዓመት በየገበታው፣ ማንም ሳይሰማው፣ ወንድሙን ይቅርታ ሲጠይቅ ነው የኖረው። አሁን በአንዲት ጉርሻ ይህንን ሁሉ አፍርስ አሉት።

ለምን አይናገርም ነበር? ሊናገር ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ። ግን ወንድሙ ያችን ታሪክ ሲያወራ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ የሚያየው እሱ ነው። ሥጋውን አንዴ በልቶበታል። አሁን ደግሞ ትዝታውን ሊበላበት ነው? እናም ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ሆድም በበኩሉ ፈጀው።

ቅዳሜ ጠዋት ሲነሳ ልቡ ቆርጦ ነበር። ይበላታል። እንደ ክኒን ዋጥ ያደርጋታል፤ ወንድሙ ቤቱንም ታሪኩንም ይዞ ይኖራል፤ የራሱ ይቅርታ የትም ይግባ።

ምድጃው በር ላይ ወጣ፣ ከሰሉ ተቀጣጠለ። ሰው ሥጋ ላይገዛ ይችላል እንጂ ትርኢት አያመልጠውም፤ ጫማ ሰፊው መዶሻውን ይዞ መጣ፣ ረዳቱ አውቶቡሱን አቁሞ መጣ፣ መምህርቷ ዘንቢሏን ደረቷ ላይ ታቅፋ ከፊት ቆመች። ታናሽየው አዲስ ሽርጥ ታጥቆ፣ ከጭቅናው ቆንጆውን ጠብሶ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራ። እንደዚያ አሳምሮ አውርቶት አያውቅም። መጨረሻ ላይ ሹካውን ጣለና ከሚስቱ እጅ ማንኪያ ተቀበለ።

«በማንኪያ አጉርሶኛል፣ በማንኪያ አጎርሰዋለሁ!» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። «ዓይንህን ጨፍን ጋሼ፣ ሥጋ ነው!»

ታላቅየው ዓይኑን ጨፈነ። ያንን የተሰነጣጠቀ ከንፈር አየው። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል ነበር።

«ዳቦ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ያጎረስኩህ። ሥጋ አልነበረም። ዳቦ ነው።»

ታናሽየው በሳቅ ፈነዳ። «ስሙት ይህን ሰውዬ! የበላሁት እኔ፣ የሚያውቀው እሱ! ጣዕሙ እኮ አሁንም ምላሴ ላይ ነው!» ሰዉም አብሮት ሳቀ።

«በመረቁ ነክሬ በጣቴ አድቦልቡዬው ነው» አለ ታላቅየው። ዓይኑን አሁን ገልጧል። «ሥጋውን እኔ በልቼው ነበር። ርቦኝ ነበር።»

ታናሽየው የወንድሙን ፊት አየ። ሳቁ ከሰዎቹ ሳቅ ቀድሞ ቆመ። ማንኪያውን ከነሥጋው የምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፣ በሚዛኑ አጠገብ አልፎ ጓዳ ገባና በሩን ዘጋው።

ረዳቱ ጫማውን ያይ ነበር። መጨረሻ ላይ መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በአንድ ጉርሻ ዝም ብሎ መገላገል ሲችል የሃምሳ ዓመት ገበናውን አደባባይ ያወጣ ሰው» አለች ሕዝቡን እንደ ክፍል ተማሪ እያየች፣ «የተበላሸ ሥጋ ደብቆ ይሸጥልኛል ብዬ አላምንም። አንተ ልጅ፣ ግማሽ ኪሎ። ለራስህ የምትወስደውን አልልህም። ለእናትህ የምትወስድላትን ስጠኝ።»

ቆረጠላት። ከኋላዋ ጫማ ሰፊው ተሰለፈ፣ ከጫማ ሰፊው ኋላ ሌላ። ሰልፉ እስከ ፎቶ ቤቱ ደረሰ። ታላቅየው ከሰዓቱን በሙሉ ቀና ሳይል ቆረጠ፤ እጁ መስመሩን ያውቃል፣ ልቡ ግን የጓዳው በር ላይ ነው። በሩ አልተከፈተም። አንድ ጊዜ ቢላዋውን አስቀምጦ ወደዚያ ሊሄድ ሲል ሚስቲቱ «ይተዉት ጋሼ» አለችው፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም። ሥጋ ቤቱን አድኖ ወንድሙን እንዳጣ ገባው። ቢቻል ንግዱን በወንድሙ ይለውጠው ነበር።

ፀሐይ ወደ ማዞሪያው ማዶ ስታዘቀዝቅ የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረዱት። ታላቅየው የመክተፊያ ግንዱን ፋቀ፣ ቢላዋዎቹን አጠበ፣ ሽርጡን ፈትቶ በአራት አጠፈው። ተመልሶ እንደማይታጠቀው እርግጠኛ ነበር። ያኔ የጓዳው በር ተከፈተ።

«ጋሼ። ና እስቲ።»

ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ጠረጴዛው በዳቦ ፍርፋሪ ተሞልቷል፤ በሳህን ላይ ቅርጽ የሌላቸው የረጠቡ ነገሮች ተቀምጠዋል። የታናሽየው ዓይን ቀልቷል፣ እጁ እስከ ክርኑ መረቅ ነክቶታል።

«ስንት ጊዜ ሞከርኩት» አለ። «አልያዝ አለኝ። ይፈርሳል። እንዴት አድርገህ ነው ያደረግከው?»

ታላቅየው እጁን ታጠበ። ከዳቦው ደረቅ ደረቁን ቆረሰ፣ በመረቁ ነከረ፣ ጨመቀ፣ በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ መካከል አድቦለቦለ። ሃምሳ አንድ ዓመት አልሠራውም፤ ጣቱ ግን አልረሳም። በማንኪያ ላይ አስቀመጠው። የሃምሳ ሰባት ዓመቱ ሰው፣ የዚያ ሆድ ባለቤት፣ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።

አጎረሰው።

ታናሽየው አላኘከም። አፉ ውስጥ ያዘው፣ ቆየ። ከተጨፈነው ዓይኑ እንባ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ።

«ይኸው ነው» አለ። «ይኸው እኮ ነው ጋሼ! ይህን ነው ስፈልገው የኖርኩት! ሽንጥ ውስጥ ስፈልገው፣ ታፋ ውስጥ ስፈልገው፣ ስንት በሬ ያለ ጥፋቱ ያለቀው!» እያለቀሰ ሳቀ፤ ያ ከማዞሪያው ማዶ የሚሰማው ሳቁ ተመለሰ። ታላቅየውም አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሁለቱም ሲረጋጉ ታናሽየው «ለአንተስ?» አለ። «እናታችን ያን ቀን ለአንተ ምን ትታልህ ነበር?»

«ምንም።»

«አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር እኮ።» ለራሱ ነው የተናገረው። ከዚያ ከድስቱ ውስጥ በመረቅ የበሰለውን ሥጋ አወጣ፣ በንጹሕ ሳህን አድርጎ ወደ ወንድሙ ገፋው። «ይህ ድርሻህ ነው። ብትበላው ያንተ፣ ባትበላውም ያንተ። ለእኔ ብለህ ግን ከእንግዲህ አትተወው።»

ታላቅየው ሳህኑን ብዙ አየው። ጥቂት ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገ። ቀስ ብሎ አኘከ። ታናሽየው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«እህስ?»

«ይህን ነው እንዴ ሰው የሚሰለፍለት?» አለ ታላቅየው። ላለማስቀየም ዋጠው። የቀረውን ግን ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ድሮው ወደ ወንድሙ ገፋለት። «እንካ፣ ብላልኝ። አልወደድኩትም።»

ማክሰኞ መምህርቷ መጣች። ሽንጡን አየች፣ ታፋውን አየች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«ጋሽ ጎመን፣ ዛሬም አትበላም?»

«አልበላም።»

«አሁን ደግሞ ምን ይሁን ብለህ ነው?»

ቢላዋውን ከሥጋው ላይ አነሳ። ጥርሱ አልነበረም፣ ጨጓራው አልነበረም፣ የማንም ዕዳ አልነበረም።

«አልወደውም፣ እትዬ» አለ፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ መስመሩን ፈልጎ ቆረጠላት።